ወንበሩን ባዶ ያልተዉት የላስታው ተመራጭ

የዛሬው ሰሜን ወሎ ለሕግ አውጪ ምክር ቤት ሰው መምረጥ የጀመረው በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። በጥቅምት 1948 የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት አባላት ንጉሠ ነገሥቱ እንዲሾሟቸው፣ የሕግ መምሪያውን ደግሞ ሕዝቡ በየ4 ዓመቱ እንዲመርጣቸው ደነገገ። ያኔ መርሳና ሀብሩ መቀመጫው ወልድያ በሆነው በየጁ አውራጃ ሥር ነበሩ፤ ላስታ የራሱ አውራጃ ነበረው። የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ለመወዳደር ርስት ወይም የተወሰነ ንብረት ያስፈልግ ስለነበር ከየጁም ሆነ ከላስታ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው እንደራሴ ባለርስት ወይም ባለገንዘብ ነበር፤ ጪሰኛ ጪሰኛን ወክሎ ሊሄድ አይችልም። ምርጫው በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ተደገመ። የመጨረሻው ምክር ቤት በተመረጠበት ጊዜ የጁን፣ ራያን፣ ላስታንና ዋግን ረሃብ እየፈጃቸው ነበር። ገበሬው ከብቱን ጨርሶ በአውራ ጎዳናው ዳር ሲወድቅ መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖ ለማለፍ ሞከረ፤ ዓለም ጉዳዩን በሚገባ ያወቀው ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። ምክር ቤት ነበር፣ እንደራሴም ነበር። ያልነበረው ከእንደራሴው ኋላ ቆሞ ሚኒስትሩን መልስ የሚያስገድድ የተደራጀ ኃይል ነው። ይህን መነሻ ያስቀመጥሁት ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ከዚያው አገር የተነሳ አንድ ተመራጭ የገጠመውን ምርጫ ለመመዘን ስለሚረዳ ነው።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን አውርዶ ያንን ምክር ቤት በተነ። በ1979 የተመረጠውና 835 አባላት የነበሩት ብሔራዊ ሸንጎ አንድ ፓርቲ ብቻ የሚያውቅ ስለነበር እዚህ ብዙ የሚያስቆም ነገር የለውም። ከ1983ቱ የሥርዓት ለውጥ በኋላ ግን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን መጡ፦ ፓርቲ ማቋቋም ተፈቀደ፣ ፓርቲዎቹም በብሔር መሥመር ተደራጁ። በጥር 1984 በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ መሪነት የተመሠረተው የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት፣ በአጭሩ መአሕድ፣ በአማራው አካባቢ የተቃዋሚው ዋና ድምፅ ሆነ። ከወጣቶቹ መካከል የላስታው ተወላጅ ልደቱ አያሌው ነበሩ። ከደሴ ተነስቶ በውርጌሳና በመርሳ አድርጎ ሀብሩን የሚያቋርጠው አውራ ጎዳና ወልድያ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ቆቦና መቀሌ ያመራል፣ ሌላው ዳገቱን ይዞ ወደ ጋሸና ይወጣል፤ ከጋሸና ወደ ሰሜን የታጠፈ ላሊበላ ይገባል። የአቶ ልደቱ አገር በዚያ በኩል ነው።

ፕሮፌሰር አሥራት ዓመታትን በእስር አሳልፈው ግንቦት 6 ቀን 1991 አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና እንዳሉ አረፉ። በዚያው ሰሞን በመአሕድ ውስጥ የነበረው አለመግባባት ገንፍሎ ወጣ፤ አቶ ልደቱና ባልደረቦቻቸው ከድርጅቱ ተለይተው በ1992 አካባቢ በብሔር ሳይሆን በዜግነት ላይ የቆመ ፓርቲ መሠረቱ። ኋላ ኢዴፓ በሚለው ምሕጻር የታወቀው ይኸው ነው። ይህን እርምጃ አንዳንዶች ከቤት መኮብለል አድርገው ያዩታል። እኔ ግን በኋለኛው የፖለቲካ ሕይወታቸው ደጋግሞ የሚታየው ጠባይ መጀመሪያ ብቅ ያለበት ቦታ አድርጌ አየዋለሁ፦ የቆሙበት ድርጅት ትክክል አይደለም ብለው ካመኑ ብቻቸውን ለመቅረት አይፈሩም፤ ብቻ መቅረት የሚያስከፍለውን ዋጋ ግን አሳንሰው ይገምታሉ።

ስማቸውን በአገሩ ሁሉ ያስጠራው 1997 ነው። ኢዴፓ-መድኅን፣ መኢአድ፣ ቀስተ ደመናና ኢዴሊ ቅንጅት የተባለውን ጥምረት ፈጥረው ለምርጫ ቀረቡ፤ የመንግሥት ቴሌቪዥንና ሬዲዮም የፓርቲዎችን ክርክር አስተላለፈ። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያዊ መራጭ ሚኒስትር በአደባባይ ተጠይቆ ሲንተባተብ አይቶ አያውቅም ነበር። በየሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ሥር ሰው ተጠጋግቶ የሚያዳምጠው ያንን ነው። አቶ ልደቱ በዚህ መድረክ ከቀረቡት ሁሉ ጎልተው የወጡት የገዥውን ፓርቲ ሰዎች በራሳቸው ሰነድና አሃዝ ስለሚሞግቱ ነው፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አይሳደቡም፣ ነጥብ ይይዛሉ፣ ነጥቡንም እስከ መጨረሻው ይገፋሉ። ገዥው ኢሕአዴግ ሚያዝያ 29፣ ቅንጅት ደግሞ በማግሥቱ ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይን ሞሉት። ግንቦት 7 ሕዝቡ መረጠ። አቶ ልደቱም በሰሜን ወሎ፣ በትውልድ አካባቢያቸው ተወዳድረው አሸነፉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ማየት ያስፈልጋል፣ ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና። ሰኔ 1 ቀን አዲስ አበባ ውስጥ በተነሳው ተቃውሞ ሰዎች ተገደሉ። የመጨረሻው ውጤት ሲነገር ኢሕአዴግ ከ547 መቀመጫ 327፣ ቅንጅት 109፣ ሌላው የተቃዋሚዎች ጥምረት ኅብረት 52 አገኙ፤ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ቅንጅት ከ138 መቀመጫ 137ቱን ወሰደ። ቅንጅት ውጤቱ ተሰርቋል አለ። ተሰናባቹ ምክር ቤት በበኩሉ ከመበተኑ በፊት የአሠራር ደንቡን ቀይሮ አንድ አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ የሆነ ድጋፍ እንዲያስፈልግ አደረገ፤ ቀድሞ 20 አባላት ይበቁ ነበር። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነበር፦ አጀንዳ ማስያዝ በማይቻልበት ቤት፣ በተጭበረበረ ቁጥር፣ ገብቶ መቀመጥ ምን ይረባል? ቅንጅት የምርጫ ቦርድን፣ የመገናኛ ብዙኃንንና የፍርድ ቤቶችን ነጻነት የሚመለከቱትን ጨምሮ 8 ቅድመ ሁኔታዎች አስቀመጠ። ድርድሩ ሳይሳካ ቀረና አመራሩ ላለመግባት ወሰነ። ምክር ቤቱ በመስከረም 1998 መጨረሻ ተከፈተ፤ ወዲያው ያልገቡትን ተመራጮች ያለመከሰስ መብት አነሳ። ጥቅምት 22 እንደገና ደም ፈሰሰ፣ የቅንጅት መሪዎችም ታሰሩ። መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የሁለቱን ዙር ሟቾች 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ብሎ ቆጥሯቸዋል። አቶ ልደቱ አልታሰሩም። ምክር ቤት ገቡ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በብዙዎች አንደበት ስማቸው «ከሃዲ» ሆነ።

እኔ የምከራከረው መግባታቸው ትክክል ነበር ብዬ ነው። የመጀመሪያው ማስረጃዬ ራሱ ሕገ መንግሥቱ ነው፦ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ መሆኑን፣ ተገዢነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው መሆኑን ይናገራል፤ መራጩ አመኔታ ባጣበት ጊዜም ሊያነሳው እንደሚችል ያክላል። የፓርቲ ሥራ አስፈጻሚ ስብሰባ እዚያ ውስጥ የለም። ከላሊበላ ገደል ወርዶ፣ ካድሬው እያየው፣ ከሰልፍ ሳይወጣ ለተቃዋሚ ድምፅ የሰጠ ገበሬ የሰጠው ውክልና የሱ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰበ ጉባኤ ሊመልሰው ወይም ሊያቃጥለው የሚችል ንብረት አይደለም። ሁለተኛው ማስረጃ ከዚህ ይከብዳል። ቅንጅት ያልተረከበው የአዲስ አበባ ምክር ቤት ምን ሆነ? በግንቦት 1998 መንግሥት ባላደራ አስተዳደር ሾመበት፤ በሚያዝያ 2000 በተደረገው ምርጫ ደግሞ ኢሕአዴግ ከ138ቱ 137ቱን ወሰደ። ያው ቁጥር፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ ለሌላው ወገን። ባዶ የተተወ ወንበር ባዶ ሆኖ አይቆይም። ሌላም አለ፦ ከቅንጅት ተመራጮች ብዙዎቹ፣ አቶ ተመስገን ዘውዴን የመሰሉትን ጨምሮ፣ ወደ ፌዴራሉ ምክር ቤት ገብተው የቅንጅትን ስም ይዘው ሠርተዋል። ክህደት ከሆነ የአንድ ሰው ክህደት አልነበረም፤ የተመረጠው ተቀጪ ግን አንድ ሰው ነው።

ለዚህ የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ፣ ቀላል መልስም አይደለም። ጉዳዩ መግባት ሳይሆን ማኅተም ነው ይላሉ። አራቱ ፓርቲዎች ተዋሕደው አንድ ሊሆኑ በተነሱበት ሰዓት ኢዴፓ-መድኅን ማኅተሙን አላስረከበም፤ በዚህም የተነሳ ቅንጅት እንደ አንድ ፓርቲ ሳይመዘገብ ቀረ፤ መሪዎቹ እስር ቤት ሲገቡ ሕጋዊ ጥላ አልነበራቸውም። አቶ ልደቱ ውህደቱ የፓርቲዎቹን የውስጥ አሠራር ጠብቆ ይፈጸም የሚል መከራከሪያ ነበራቸው፤ ታሪኩን በራሳቸው ወገን «የአረም እርሻ» በሚለው መጽሐፋቸው አቅርበውታል። በደንብ ረገድ የሚያስኬድ ክርክር ነው። በፖለቲካ ረገድ ግን አያስኬድም። ሰው በየመንገዱ በሚወድቅበት፣ መንግሥት ጠመንጃ በያዘበት ወር ስለ ምልአተ ጉባኤ መሟገት ደንቡ ትክክል ቢሆን እንኳ ጊዜው የተሳሳተ ነው፤ ገዥው ፓርቲም ከዚያ ሙግት ተጠቅሟል። ስለዚህ ሁለቱን ነገሮች መለየት ግድ ነው። ማኅተሙ ላይ ትችቱ ይገባቸዋል። ወንበሩ ላይ አይገባቸውም። በሕዝቡ ዘንድ ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ ክስ ሆኑ፣ እሳቸውም ለመለየት ያደረጉት ጥረት የሚያዳምጥ ጆሮ አላገኘም፤ የቅንጅት መሪዎች ሐምሌ 13 ቀን 1999 በይቅርታ ሲፈቱም ቁጣው አልበረደም።

ውስጥ ገብተው ምን አተረፉ? ይህ ሁለተኛው ተቃውሞ ነው። ከ1998 እስከ 2002 በነበረው ምክር ቤት የወጡትን ሕጎች ስንቆጥር ተቃዋሚዎች ያስቀሩት አንድም ትልቅ ሕግ አናገኝም። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 590፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652፣ ሁሉም አልፈዋል። በዚህ ሒሳብ መግባት ከንቱ ይመስላል። ነገር ግን የመጨረሻውን አዋጅ እንውሰድ። ሰኔ 30 ቀን 2001 ድምፅ ሲሰጥበት 286 ደግፈውት፣ 91 ተቃውመውት፣ አንድ ሰው ድምፀ ተአቅቦ አድርጎ ነው ያለፈው። ከዓመታት በኋላ ጋዜጠኞችንና ፖለቲከኞችን ያሳሰረው ያ ሕግ ገና ሲወለድ በቃለ ጉባኤ የተመዘገበ 91 ተቃውሞ ነበረበት። አቶ ልደቱም ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጋር በምክር ቤቱ ፊት ለፊት ተከራክረዋል፤ አቶ መለስ በሚመልሱበት ጊዜ ምላሳቸው የተባ ስለነበር ተከራካሪው ብዙ ጊዜ የተሸነፈ ይመስል ነበር። ቢሆንም መንግሥት በጦርነትም በዋጋ ንረትም ላይ በአደባባይ ማስረዳት ተገድዷል። የ1965ቱ ምክር ቤት ያልነበረው ይኸው ነው፦ ተጠያቂው ሰው መልስ ሲሰጥ የሚያይ ሕዝብ።

መሸነፋቸው የመጣው ከሌላ በኩል ነው፤ እዚህ ላይ የእኔ ፍርድ ከደጋፊዎቻቸው ይለያል። በጥቅምት 2002 ኢሕአዴግ፣ ኢዴፓ፣ መኢአድና ቅንጅት በሚል ስም የቀረው ፓርቲ የምርጫ ሥነ ምግባር ደንብ ተፈራረሙ፤ የተቃዋሚዎች ጥምረት የሆነው መድረክ አልፈርምም አለ። ኢዴፓን ወክለው የፈረሙት አቶ ልደቱ ናቸው፤ ደንቡም አዋጅ ቁጥር 662 ሆኖ ወጣ። ሐሳቡ በራሱ ጥሩ ነበር፤ በጎረቤት ኬንያ ከሁለት ዓመት በፊት በምርጫ የተነሳ ደም ፈሷልና ማንም ሥነ ምግባርን አይጠላም። የጎደለው ፈራሚዎቹ ምን እንዳገኙ ነው። የምርጫ ቦርዱ አልተለወጠም፣ ቀበሌው በአንድ ፓርቲ እጅ ነበር፣ የማዳበሪያ ብድርና የምግብ ለሥራ መዝገብ በዚያው ቀበሌ በኩል ይመጣ ነበር። በሀብሩ ቆላም ሆነ በላስታ ደጋ ለሚኖር ገበሬ ይህ ሦስተኛው ጉዳይ ከደንቡ ሁሉ ይበልጥበታል። ወንበር መያዝና ወንበር ለመያዝ የሚያስችለውን ሜዳ ሳይለውጡ መፈረም አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያው ሕዝብ የሰጠውን መጠበቅ ነው፣ ሁለተኛው ያልተሰጠውን ማጽደቅ። «መድሎት» በሚለው መጽሐፋቸው የተሟገቱለት ሦስተኛ አማራጭም፣ ከገዥውም ከጽንፈኛ ተቃውሞም የተለየ መንገድ ማለታቸው፣ ለማንበብ ደስ የሚል ሆኖ ሳለ መራጩ ዘንድ አልደረሰም። ግንቦት 15 ቀን 2002 በተደረገው ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ 545ቱን ወሰዱ። ከመድረክ አንድ፣ ከግል ተወዳዳሪ አንድ ገቡ። ኢዴፓ አንድም አላገኘም፤ አቶ ልደቱም የቀድሞ የምክር ቤት አባል ሆኑ። የፓርቲውን ሊቀመንበርነት በኋላ ለአቶ ሙሼ ሰሙ ለቀቁ። በ2007 ደግሞ 547ቱም መቀመጫ የገዥው ግንባርና የአጋሮቹ ሆነ።

እንግዲህ የሰሜን ወሎ ሕዝብ የሚናገርለት ሰው በሌለበት ምክር ቤት ዓመታት ቆየ። ጥር 12 ቀን 2010፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ወልድያ ውስጥ ታቦት ሸኝቶ በሚመለስ ወጣት ላይ የጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ከፈቱ፤ ቢያንስ ሰባት ሰው ሞተ። ቁጣው በቀናት ውስጥ ወደ ቆቦ፣ ከዚያም ወደ መርሳ ተሻገረ፤ በመርሳም ሰው ተገደለ፣ የመንግሥት ቢሮዎች ተቃጠሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ ምርመራ እንዲደረግ ጠየቀ። አንድ የተቃዋሚ እንደራሴ ቢኖር ኖሮ ጥይቱ ይቀር ነበር የሚል ሰው ካለ አላምነውም፤ በ1998 ከመቶ ያላነሱ ተቃዋሚዎች ተመርጠው ሳለ አዲስ አበባ ውስጥ ተተኩሷል። የምለው ከዚህ ያነሰ ነው። በማግሥቱ መከላከያ ሚኒስትሩን ወይም ጠቅላይ ሚኒስትሩን «ማን አዘዘ?» ብሎ በሟቾቹ ስም የሚጠይቅ፣ ጥያቄውም በቃለ ጉባኤ የሚሰፍርለት ከወልድያ ወይም ከሀብሩ የመጣ ተቃዋሚ አባል አልነበረም። ጥያቄው በመንገድ ላይ፣ በድንጋይና በእሳት ቀረበ። ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ የሥልጣን መልቀቂያ አቅርበው ነበርና መንገዱ ውጤት አምጥቷል የሚል መልስ ይሰነዘራል። አዎ አምጥቷል። የመርሳ ሟቾች ግን ስማቸው በየትኛው የምክር ቤት መዝገብ ላይ እንዳለ ፈልጉ።

የአቶ ልደቱ ሌላው ትልቅ የአደባባይ ሙግት በ2012 መጣ። ነሐሴ 23 ሊደረግ የታሰበው ምርጫ በኮሮና ወረርሽኝ ሲራዘም የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም 30 ቀን 2013 በኋላ ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ ተነሳ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን በሕገ መንግሥት ትርጉም ዘመኑን አራዘመ። አቶ ልደቱ ግን ከመስከረም 30 በኋላ ሥልጣን ያለው አካል ስለማይኖር የሽግግር መንግሥት ይቋቋም አሉ። በ1998 «ግቡ» ያለ ሰው አሁን «ውጡ» ይላል ብለው የተሳለቁባቸው ብዙ ናቸው፤ ላይ ላዩን ሲያዩት ተቃርኖ ነው። እኔ ግን ያው ሰው ነው ብዬ አነባለሁ። ሕዝብ ለአምስት ዓመት የሰጠው ውክልና ከአምስት ዓመት በፊት አይተውም፣ ከአምስት ዓመት በኋላም አይጎተትም፤ ሁለቱም አቋም ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው። የሽግግር መንግሥቱ ሐሳብ ግን ደካማ ነበር፤ ማን ይመሥርተው ለሚለው ጥያቄ በቂ መልስ አልነበረውምና። ሐምሌ 17 ቀን 2012፣ የአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ በተነሳው ሁከት ማግሥት፣ ተይዘው ቢሾፍቱ ታሰሩ። የልብ ሕመምተኛ መሆናቸው ይታወቅ ነበር። ፍርድ ቤት ዋስትና ከፈቀደላቸው በኋላ እንኳ ፖሊስ ሳይለቃቸው ቆይቶ የተፈቱት ከወራት በኋላ ነው።

አንድ ነገር ለአንባቢ አደራ ልበል። የ1950ዎቹን የየጁ እንደራሴዎች የሚያስታውሱ ሰዎች አልፈዋል ወይም እያለፉ ነው፤ ከ1998 እስከ 2002 በምክር ቤቱ የነበሩት የሰሜን ወሎ ተመራጮች፣ የገዥውም የተቃዋሚውም፣ አብዛኛዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። የእነዚያ 5 ዓመታት ቃለ ጉባኤ አራት ኪሎ ተቀምጧል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ጀምሮ እያስተማረ ነው። ከተማሪዎቹና ከመምህራኑ አንዱ ከላስታ፣ ከሀብሩ፣ ከራያና ከወልድያ የሄዱት ሰዎች በዚያ ቤት ውስጥ ምን ጠየቁ፣ ምን ደገፉ፣ ስንት ጊዜ ዝም አሉ የሚለውን ከመዝገቡ ቀድቶ፣ ተመራጮቹንም ጠይቆ፣ ሳይዘገይ ያሳትመው። አቶ ልደቱን መውቀስ የሚፈልግም መከላከል የሚፈልግም ከዚያ በኋላ በሰነድ ይሟገት።